በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው የዘር ድንች

በደብረ ታቦር ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ የተማረ ሽማግሌ ከእኔ ሌላ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኤክሴልን ብቻዬን ነካክቼ ለምጄዋለሁ፤ ባለ ዲግሪዎቹም ሲቸግራቸው ይጠሩኛል። የጉና ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ የሆነው ዲያቆንም ላፕቶፑን ይዞ የመጣው ወደ እኔ ነው።

አባላቱ የጠየቁት የዘር ድንች ድምር ከጠበቀው አንሶበታል። መኪናው በማግስቱ የሚጭነው በድምሩ ልክ ስለሆነ ዘር ያልደረሰው ሰው ማሳው ጦሙን ያድራል።

ከኩንታሉ ዓምድ አጠገብ፣ የተጻፈው ነገር ቁጥር መሆን አለመሆኑን የሚመረምረውን ፎርሙላ ጻፍሁና ወደ ታች ጎተትሁት። ለአብዛኛው ረድፍ እውነት፣ ለጥቂቱ ሐሰት ብሎ መለሰ። ሐሰት ያለባቸውን ሳያቸው ፫ እና ፭ ተብለው ተጽፈዋል።

«ይህን በግዕዝ ማን ጻፈው?» አልሁት።

«እኔ ነኛ። አባላችን የሆኑትን ቄሶች ድርሻ እንደ ሌላው ሰው መጻፍ ነውር መሰለኝ።»

«አክብረህ ያለ ዘር ልታስቀራቸው ነበር። ኤክሴል የግዕዝ ቁጥርን እንደ ፊደል ስለሚያየው አይደምረውም።»

«ለካ ማሽኑ ቄስ ትምህርት ቤት አልገባም» ብሎ ሳቀ። «አንቱ ግን ይህን ሁሉ የት ተማሩት?»

«ከራሴ» አልሁት።

በዚያ ከሰዓት በኋላ የሠራሁት ይህ ነው፤ ሐሰት የተባሉትን ረድፎች አንድ በአንድ አረምሁ፤ ፎርሙላው ሁሉንም እውነት እስኪል መረመርሁ፤ ዓምዱ ከቁጥር በቀር ሌላ ነገር እንዳይቀበል ዘጋሁት፤ ለዲያቆኑም ፎርሙላውን በራሱ እጅ አስጻፍሁት። የቄሶቹም ዘር ከሌላው ጋር ተጭኖ ወደ ጉና ወጣ።