ከኋላ ስንዝር የተጨመረበት ቱታ

አክስቴ ሳቢሃ በእኛ ሰፈር የመጀመሪያውን ቱታ የሰፋች ሰው ናት። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ቱታ ደግሞ ምን ወግ አለው ብለው። እነሱ ይሳቁ፣ እኔ እጽፋለሁ። ለደጃዝማች ካባ የሰፋ ሰው ስሙ ሲነሳ ይኖር የለም እንዴ?

ሳቢሃ የእናቴ የራዲያ ታላቅ እህት ናት። ቤቷ ቡሬ፣ ከገበያው ዳር ነበር። ባሏ ከድር ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጣሊያን ጦርነት በፊት ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ የዐረብ ነጋዴ የገዛት በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ነበረችው። ከድር አንድ አመል ነበረው። ሱሪ ያሰፋ ሰው ሱሪውን ለብሶ፣ እዚያው በተነጠፈው ሰሌን ላይ ግንባሩ መሬት እስኪነካ ካልሰገደ በቀር ይዞት አይወጣም። "ስገድበት እስቲ" ይለዋል። ሙስሊሙም ይሰግዳል፣ ክርስቲያኑም ይሰግዳል። አንድ ቄስ እንኳ "እኛም ቤት በሕማማት ስግደት አለ፤ ነገሩ ልክ ነው" ብለው ቆባቸውን አስቀምጠው ሰግደዋል ይባላል። ከድር እንደሚለው፣ ሲሰገድበት ያልጠበበ ሱሪ ለእርሻውም ለበቅሎውም አይጠብም። ለዚህ ሲል በየሱሪው ከኋላ አራት ጣት ይጨምር ነበር።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ከድር ከጨው ነጋዴዎች ጋር አባይን ተሻግሮ ወለጋ ሄደ። ከሁለት ወር አላልፍም ብሎ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ያን ጊዜ ከተማው የጣሊያን፣ ጫካው የአርበኞች ነበር፤ በመሀል ያለው መንገድ ግን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለት ወሩ አልፎ ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ ከድርም ገና አልመጣም። ከማዶ የመጣ ሁሉ ስለ ከድር ይጠየቃል። አንዱ ነቀምት ገበያ አየሁት ይላል፤ ሌላው በንዳድ ሞተ ሲሉ ሰማሁ ይላል። ሳቢሃ የመጀመሪያውን ዓይነት ሰው ምሳ ታበላለች፤ ሁለተኛውን ዓይነት ሳታበላ ትሸኛለች።

የከድር ታላቅ ወንድም ጁማ ፍኖተ ሰላም የሚኖር ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ቅን ሰው ነው፣ ግን አንዴ ያሰበው ነገር ሁሉ ትክክል የሚመስለው ዓይነት ቅን ሰው። አንድ ሐሙስ ለገበያ መጣና ቤቷ ገብቶ ተቀመጠ።

"ሳቢሃ፣ ነገር አናብዛ" አለ። "መኪናይቱ እንዲያው አቧራ ትጠጣለች። ልጄ ስፌት ለምዷል፤ ተጣልያን ሰፊ ዘንድ ነው የለመደው። ልውሰድለት። ተሚያገኘው ላንቺም አይነሳሽም።"

"ከድር ሲመጣ በምን ሊሰፋ ነው፣ አያ ጁማ?"

ጁማ መሬት መሬት አየ። "ከድር የለም፣ እህቴ። አላህ ይማረው እንበልና ይውጣልን።"

እናቴ እንደምትለው ሳቢሃ በዕድሜዋ የፈራችው ያን ቀን ነው። ጣሊያን በታንክ ሲገባ እንኳ በአጥር ቀዳዳ ስታይ የነበረች ሴት ናት። የሚከፋፈሉት የሞተ ሰው ዕቃ ነው። መኪናይቱ ከዚያ ቤት ከወጣች ከድር ሞቷል ማለት ነው፤ ያለ ሬሳ፣ ያለ መቃብር፣ በአንድ በቅሎ ጭነት ሞቷል ማለት ነው። ይህን ያህል ስለ ፈራች ያላሰበችውን ተናገረች።

"እኔው እሰፋባታለሁ" አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን የሰፋችው የነጠላ ጫፍና ቁልፍ ብቻ ነበር። ከድር ጨርቁን ሲመራ እሷ እጀታውን ታዞር ነበር፤ መቀሱን ግን እሱ እንጂ ሌላ ሰው አይነካውም። ጁማም ይህን ያውቃል። ሳቀ፤ ሳቁ የጭካኔ ሳይሆን ሕፃን የማባበል ነበር፣ ይህ ደግሞ ይብሳል።

"በይ እንዲህ ይሁን" አለ። "የወንድ ሙሉ ልብስ ራስሽ ቆርጠሽ፣ ራስሽ ሰፍተሽ፣ ወንድ ለብሶት በዓይኔ ካየሁ መኪናይቱን አልነካም። የሳምንቱ ሐሙስ እመጣለሁ። ይኸ ካልሆነ ጭኜ ነው የምሄድ።"

ሦስት ቀን የሚያሰፋ ሰው ሳይመጣ አለፈ። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ደረሰ የሚባል ጎረቤታችን በበሩ ብቅ አለ። ደረሰ አዲስ ሙሽራ ነው። በሬዎቹን ጣሊያን ስንቅ ብሎ ከወሰደበት በኋላ ማረሻው ተሰቅሎ ቀረና፣ ሳይወድ በግዱ ከጣሊያን ጋራዥ ገብቶ ካሚዮን ግራሶ ይቀባ ነበር። በዚያ ሳምንት ጋቢው በሞተሩ ማራገቢያ ተይዞ፣ ከጋቢው ጋር አብሮ ሊገባ ምንም አልቀረው። አለቃው ጮኸበትና አንድ ጥቅል ካኪና አንድ የራሱን የተቀዳደደ ቱታ ወረወረለት፤ ይህን አይተህ አሰፋ፣ አለዚያ ተመልሰህ እንዳትመጣ ብሎ።

"እትዬ ሳቢሃ፣ ከድር አልመጡም?"

"ገና ነው። ምን ይዘህ ነው?"

ቱታውን ዘረጋላት። ሳቢሃ ፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ውስጡን ገልብጣ አየች።

"ሱሪው የት ላይ ነው የሚያበቃው?"

"አያበቃም እኮ፣ እትዬ።"

"ሸሚዙስ ተየት ይጀምራል?"

"ተሱሪው።"

እናቴም አጠገባቸው ስለነበረች ሌላ ጥያቄ አከለች፤ ይህን የለበሰ ወንድ ሜዳ ሲወጣ ምን ያደርጋል የሚል። ደረሰ የመለሰላትን እኔ አልጽፈውም።

ሳቢሃ አሮጌውን ቱታ በእንዶድ አጠበችው። ከዚያ ስፌቱን በምላጭ እየፈታች ክፍል በክፍል ለያየችውና ሰሌኑ ላይ ደረደረችው። ጣሊያን ለሚሠራው ድልድይ ሲሚንቶ የመጣበትን የወረቀት ከረጢት እናቴ ለቃቅማ አመጣችላት። በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱን ክፍል እያስተኛች ዙሪያውን በከሰል ሣለች። ለሁሉም ስም አወጣችለት፦ ጀርባ፣ ሆድ፣ እግር፣ ክንድ፣ አንገት። ወረቀቱን ስትቆርጥ ሦስት ጊዜ አበላሸች፤ ደግነቱ ከረጢት ሞልቷል። በመጨረሻ በጀርባው ወረቀት ላይ የከድርን አራት ጣት ጨመረችበት። የእሱ ልብስ አሰፋፍ ያለዚያ እንደማይሆን ብቻ ነው የምታውቀው።

ካኪው ግን አንድ ነው፤ ከተሳሳተች ሌላ የለም። የከድርን መቀስ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች። "ቢስሚላህ" ብላ ስትቆርጥ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍሎቹን በእጅ መርፌ ለጊዜው ያህል አያይዛ ደረሰን አለበሰችው። ቆሞ ሲታይ ያምራል፤ ራሱም ወደደው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ተንጎራደደ።

"በል ስገድበት" አለችው።

"እዚህ?"

"ከድር ቤት ነህ እኮ።"

ደረሰ አማትቦ ሰገደ። ግንባሩ ሰሌኑን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አንገትጌው ወደ ኋላ ጎተተውና የጀርባው ክር ጣጣጣ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተለያየ። እናቴ ሳቀች፤ ሳቢሃ አልሳቀችም። አራት ጣት ለሱሪ ነው። ሱሪ ወገብ ላይ ያበቃል፤ ሰው ሲሰግድ ሱሪው የሚሸሽበት ቦታ አለው። ቱታ ግን ከትከሻ እስከ መቀመጫ አንድ ነው፤ ወዴት ይሽሽ? የሱሪን ልክ ለቱታ ሰጥታው ነበር።

ደረሰ ሊነሳ ሲል "እንዳለህ ቆይ!" ብላ ጮኸችበት። ጎንበስ ብላ ጀርባው ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ በእጇ ለካችው። ልክ አንድ ስንዝር። ከትርፍራፊው ካኪ ስንዝር የሚሰፋ ቁራጭ አውጥታ ከወገቡ በላይ አስገባችበት። በመኪና ስትሰፋው፣ ጨርቁ አራት እጥፍ የሚሆንበት ቦታ ላይ መርፌዋ ተሰበረች። የቀረቻት አንዲት መርፌ ናት። ከዚያ በኋላ መንኮራኩሩን እንደ ታመመ ሰው እጅ ቀስ አድርጋ ነው ያዞረችው፤ ረቡዕን ሙሉ።

ቱታው አለቀ። ደረሰ ሰገደበት፤ ቁጢጥ አለበት፤ እንደ ሕፃን ዳኸበት፤ ክር እንኳ አልሳሳም። ችግሩ ሲቆም ነው። ያ ስንዝር ካኪ ሥራ ሲያጣ ከኋላው ቁልቁል ይንጠለጠላል።

ሐሙስ ቀትር ሊሆን ሲል ጁማ በቅሎ እየጎተተ መጣ። ልጁ የሰፋለትን አዲስ ኮትና ሱሪ ለብሷል፤ ሱሪው በጊዜው የጣሊያን ፋሽን ነው፣ ጭኑ ላይ ተለጥፏል። ደረሰም ከጋራዥ ለምሳ ወጥቶ ቱታውን እንደለበሰ ግቢው ውስጥ ቆመለት። ጁማ ከፊት አየውና ቅንድቡን አነሳ። ዞሮ ከኋላ ሲያየው ግን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ይኸ ምንድን ነው? ጤፍ ሊቋጥርበት ነው?"

"በቆመ አይደለም የሚታይ፣ አያ ጁማ። ሲሰግድ ይዩት።"

"አይ ሳቢሃ! ሰው ሲሄድ ነው የሚታይ። ይኸን ለብሶ ተሰው ፊት ይቆማል? ደክመሻል፣ አላህ ያውቃል። ግን የወንድ ልብስ አይደለም።"

መኪናይቱን ራሱ ተሸክሞ አወጣትና በበቅሎዋ ላይ በጠፍር አሰራት። ሳቢሃ ቤት ገብታ የከድርን መቀስ ደረቷ ላይ ይዛ ቁጭ አለች። አሁን ሞተ፣ አለች በሆዷ፤ እኔ ስንዝር ባበዛ ገደልኩት። 

ጁማ መንገድ ከመጀመሩ በፊት የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ስለደረሰ ውሃ ጠይቆ ተጣጠበ፤ ውዱእ አደረገ። ያንኑ የከድርን ሰሌን ግቢው ውስጥ አነጠፉለት። ቆመ፣ አጎነበሰ፤ ሱሪው ውጥር አለ። ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ የቀደዳው ድምፅ ከአጥር ውጭ ተሰማ። በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን አቆመች። ስፌቱ ከቀበቶው ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ተተርትሯል። ጁማ ሶላቱን አላቋረጠም፤ ይህን ስለ ክብሩ እጽፋለሁ። ግን ጨርሶ ሰላምታውን ከሰጠ በኋላ አልተነሳም። መቁጠሪያውን አወጣ። አንድ ዙር ቆጠረ። ሁለተኛ ጀመረ።

"እነሱ ዘንድ ሶላት እንዲህ ይረዝማል?" ብሎ ደረሰ እናቴን በሹክሹክታ ጠየቃት።

ሳቢሃ ድምፁን ቤት ሆና ሰምታለች፤ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽርጥ ይዛ ወጣች። ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አቀበለችው።  ጁማ ሽርጡን አገልድሞ ጓሮ ዞረና ሱሪውን በበሩ ወረወረላት። ግን በምን ትስፋው? መኪናይቱ በቅሎ ላይ ናት። ደረሰና እናቴ ጠፍሩን ፈትተው አወረዷትና ከቦታዋ መለሷት።

ሳቢሃ የተቀደደውን ፈታችው። ከደረሰ ካኪ የተረፈ ቁራጭ ነበራት፤ ከኋላ አራት ጣት ጨመረችበት። ሱሪ ነውና አራት ጣት ይበቃዋል። ጁማ ለበሰና ማንም ሳይጠይቀው ሰሌኑ ላይ ወርዶ ሰገደበት። ግንባሩን ሰሌኑ ላይ እንዳደረገ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲነሳ ዓይኑ ቀልቷል።

"የከድር እጅ ናት" አለ። "ይኸው የሱ እጅ ናት።"

በቅሎዋን ባዶዋን ይዞ ወጣ። ከበሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ፤ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሳቢሃ፣ ያችን የሱሪዋን ነገር… ከድር ሲመጣ እንዳትነግሪው። አደራ።"

ሳቢሃ ዓመት ከአራት ወር ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ በሩን ተደግፋ አለቀሰችው። ዕንባዋን ጠረግ አድርጋ "በጄ፣ አያ ጁማ፣ አልነግረውም" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁለት የጋራዥ ሠራተኞች እንደ ደረሰ ከኋላው ስንዝር ያለው ቱታ ይሰፋልን ብለው መጡ፤ እሷም ሁለቱንም ሰሌኑ ላይ እያሰገደች ነው የሸኘቻቸው። ጣሊያን በወጣበት በሠላሳ ሦስት ከድር ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በባዶ እግሩ ከወለጋ መጣ። መኪናይቱ ከቦታዋ ነበረች። ሳቢሃ ውሃ እንኳ ሳታቀምሰው የሱሪዋን ነገር ነገረችው።