ወንዝ መሃል የተከልኩት ድንች

ከዳባት ወረድ ብሎ ያለው ወንዝ በየክረምቱ የእኛን ዳር እየገመሰ ይበላ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ገበሬ ማኅበሩ በልማት ዘመቻ የድንጋይ መከላከያ እንሥራ አለ። ግን ከምን ላይ ተቁሞ? ዳሩ ገደል፣ ሥሩ ማጥ። ስለዚህ በበጋ፣ ውሃው ሲያንስ፣ ድንጋይና አፈር በባሬላ እያጓዝን መሃል ወንዙ ላይ ደሴት ሠራን። ወንዶቹ እሱ ላይ ቆመው ድንጋዩን በእኛ ዳር ሥር ይክባሉ፣ በሽቦ መረብ ያስራሉ።

«ጣና ድረስ ምን ያስኬደናል? ደሴቱ ራሱ መጣልን!» እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

እኔ ያኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ የጓሮ መሬት እንኳ የለኝም። ያ ጥቁር አፈር፣ ዙሪያውን ውሃ እያለው፣ ማንም በማይረግጠው ጫፍ በኩል ባዶውን ሲቀመጥ አላስቻለኝም። መጋቢት ላይ ድንች ተከልኩበት።

መከላከያው ግንቦት መጨረሻ አለቀ። ደሴቱ ከክረምት በፊት መፍረስ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። ካልፈረሰ ጎርፉ እሱን መትቶ ወደ ማዶ ይዞራል። ማዶ ደግሞ አቡጀዲ የምትነግደው ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት አለ።

ወንዶቹ ዶማቸውን ይዘው ሲመጡ ድንቹ አብቧል። ቀጥ አሉ።

«ያበበ አዝመራ በዶማ? እኔስ እጄን አላነሣም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እንግዲያው ጓድ ሊቀመንበር ይጀምሩልን!» አለ ሌላው።

የማኅበሩ ሊቀመንበርም የገበሬ ልጅ ናቸው። አበባውን አዩና «ሁለት ሳምንት ብትቆይ ምን ትሆናለች» ብለው ተመለሱ። ለአበባ ማዘን ደግ ነገር ነው፤ ማዶ ያለችውን ግን ማናችንም አልጠየቅናትም። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ሰኔ እንደገባ ወደ ደባርቅ በኩል ዘነበና ውሃው ደፈረሰ። ጠዋት ልቀዳ ስወርድ ጎረቤቴ ከማዶ ቆማለች።

«እቴ፣ ድንችሽ አማረበት።»

«አንቺም ትቀምሽዋለሽ» አልኳት።

«የት ሆኜ?»

አልሳቀችም። ከበሯ ላይ አህያ ቆሟል፤ የጨርቅ ጣቃዋን እየጫነች ነው።

እንስራዬን አስቀምጬ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ውሃው ከጉልበቴ በላይ ነበር። ደሴቱ ላይ ወጥቼ የመጀመሪያውን ተክል ስነቅል፣ ሥሩ ላይ የተንጠለጠለው ድንች ሽምብራ አያህልም። ሁሉንም ነቀልኩት።

ሽማግሌው ከዳር ሆነው አዩኝና ጮኹ፦ «ባለቤቷ ነቅላለች! ምን ትጠብቃላችሁ?»

እስከ ማታ ደሴቱ ፈረሰ፤ አፈሩን ወንዙ ወሰደው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ በመሃሉ ሄደ፤ እኛንም እሷንም አልነካ።

ጎረቤቴ በየጠዋቱ እንደ ወትሮው «ደህና አደርሽ?» ትለኛለች። ጣቃዋን ግን ከተማ ዘመዷ ዘንድ እንዳኖረችው መስከረም ጠባ። ለምን አትመልሽውም ብዬ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አሰብኩ፤ አፌ አልደፈረም።