የተበተነው ባንድና ያልተበተነው

ካሴቱ ላይ የተጻፈው «የፈረንጅ፣ ረዣዥም» ብቻ ነበር። ያኔ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ሞልቷል፤ ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ ያስቀዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። ባለ ሱቁ የባንዶቹን ስም አልጻፈም፤ ወንድሜም አልጠየቀም። ስለዚህ በአንደኛው ገጽ ያሉትን ባለ ኦርጋኑ፣ በሁለተኛው ገጽ ያሉትን ባለ ዋሽንቱ አልናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን በቅርቡ የወንድሜ ልጅ ከስልኳ ፈልጋ ነግራናለች። አመስግነን በድሮው ስማቸው ቀጠልን።

እኔ ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ሥራ የያዘ ጎረምሳ። ሁለቱም ባንዶች የሚጫወቱት ሮክ ነው ይባላል፤ ግን እንደ ሌላው ሦስት ደቂቃ ጮኸው የሚያበቁ አልነበሩም። አንድ ዘፈን የካሴቱን አንድ ገጽ ሊሞላው ምንም አይቀረው። በዝግታ ይጀምራል፣ ይፈጥናል፣ አለቀ ስትሉ እንደ አዲስ ይነሳል። እናታችን «ይሄ ሰውዬ ቤት የለውም?» ትል ነበር።

አባታችን ግን ሥላሴ ማሕሌት የሚቆም ሰው ስለነበር ርዝመቱ ቅር አላሰኘውም። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አዳመጠና «ገና ዝማሜ ላይ ናቸው፤ ከበሮው ሲገባ ጥሩኝ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ከበሮው ሲገባ ጠራነው። መጥቶ ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ «ደኅና ናቸው፤ መቋሚያ ብቻ ነው የጎደላቸው» አለ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሮክ የከለከለን የለም።

እኔ ወዲያው ለባለ ኦርጋኑ ወገንኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጉረኞች ናቸው፣ አልክድም። አንዱ ኦርጋኑን ሲመታው ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱ ደግሞ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብለው ይከተሉታል። እኔ የምወድላቸው ግን ማቆማቸውን ነው። ጉልበታቸው ሲደክም፣ አዳዲሶቹ ልጆች በአጫጭር ዘፈን ሲያሾፉባቸው፣ ተጨባብጠው ተበተኑ። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ነው የሠራሁት፤ አራት ነጥቡን በቦታው የሚያኖር ሰው ደስ ይለኛል። ከተበተኑ በኋላ የተረፈው ሥራ ጥቂት ነው፤ ግን የሚያሳፍር አንድም የለበትም እያልኩ እከራከር ነበር።

ወንድሜ የባለ ዋሽንቱ ሰው ነው። እነሱ የአገራቸውን የባላገር ዜማ ከጊታር ጋር ያዋሕዱታል። ዋሽንቱ የሸምበቆ ሳይሆን የብረት ነው፤ ቢሆንም የነፊው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ወንድሜ ትንፋሹን ነበር የሚወደው። እነዚህኞቹ አልተበተኑም። አንዱ ሲወጣ ሌላ እየተካ፣ ዘፋኙ እስኪሸብት ቀጠሉ። በስተርጅና የተቀረጸውን በስልክ አይቼዋለሁ። ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ አፉን ይከፍታል እንጂ የሚወጣ ነገር የለም።

«አሳፋሪ ነው! ለስሙ አያስብም?» እለዋለሁ።

«ሕዝቡ ይዘፍንለት የለ እንዴ! አንቺ ልጅ፣ ሲያቅተው የሚቀበለው ካለ ምን ያሳፍረዋል?»

ይህን ክርክር ስንት ዓመት እንደተከራከርነው መቁጠር ትቻለሁ። ባል አግብቼበታለሁ፣ ጡረታ ወጥቼበታለሁ፣ ወላጆቻችንን ቀብረንበታል። ዳኛ ፈልገን አናውቅም። ዳኛ ቢገኝና ቢፈርድልን ኖሮ ቅዳሜን በምን እንደምናሳልፈው እንጃ።

ቅዳሜ የኛ ነበረች። ሰፈራችን ሲፈርስ እሱ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፤ እኔ ቀድሞውንም አግብቼ አፍንጮ በር ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ፣ ሳይፈርስ በተረፈ አንድ ኬክ ቤት እንገናኛለን። እሱ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ኬክ በሁለት ሹካ። ከዚያ የስልኬን ኤርፎን አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ጆሯችን ላይ ሰክተን እንሰማለን። አስተናጋጆቹ ለምደውናል፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን ሁለት አዛውንት አንድ ገመድ ተጋርተው ሲጨቃጨቁ እያዩ ይሳሳቁ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ የሱን ባንድ እየሰማን ነበር። ወንድሜ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። ዘፈኑ እኩሌታው ላይ፣ ከበሮውና ባሱ አርፈው ቀጭን ጊታር ብቻ የሚቀርበት ቦታ ሲደርስ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ድርግም አለ። ጆሮዬ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ልነግረው ስል ጣቱን አየሁት፤ አሁንም ይመታል። ምቱ አልፈጠነም፣ አልዘገየም።

«አሁን…» አለ ዓይኑን እንደጨፈነ። «አሁን… ይኸው! ስሚው፣ ስሚው ይሄን ትንፋሽ!»

ቦታውን አልሳተም። ዘፈኑ ባይቋረጥ ኖሮ ዋሽንቱ የሚገባው ልክ እዚያ ላይ ነው። እኔም ካሴቱን በቃሌ ስለማውቀው አልተጠራጠርኩም።  ጣቱን እያየሁ ሳለ ዓይኑን ገለጠ። በእጄ የያዝኩትን የጠፋ ስልክ አየ፣ እኔን አየ። ኤርፎኑን ከጆሮው ቀስ ብሎ አወጣና ኬኩን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ብይው» አለኝ።

እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘሁት። በመንገድ ያወራነው ስለ ብርዱ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማኪያቶዬ ሳያልቅ የወንድሜ ልጅ ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ አባዬ ከእንግዲህ ቅዳሜ አልመጣም አለ። ‹ባንዱ ተበትኗል በያት። የሷ ሰዎች ልክ ነበሩ፤ በጊዜ ማቆም ይሻላል› ብሎሻል። ምን ማለቱ ነው?»

አሸነፍሽ ማለቱ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የለፋሁበት ድል በስልክ መጣልኝ። እንዲህ ያለውን ድል ለጠላቴም አልመኝ።

መጀመሪያ ግን የመጣብኝ ንዴት ነው። ልጁ የጆሮ መሣሪያ ገዝታለት እንደነበር በዚያው ስልክ ነገረችኝ፤ «ዋሽንቱን ንብ ያስመስለዋል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። መሣሪያውን የጣለው ለዋሽንቱ ሲል እንደሆነ ሲገባኝ አኮረፍኩ። እኔ ጉልበቴ እያመመኝ እንኳ ከቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም፤ እሱ ለአንድ ዋሽንት ብሎ እኔን ይተወኛል? ወደ ቤቱ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጀሁ። የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ስወጣ ግን ትንፋሼ ስላለቀ፣ በሩ ሲከፈት የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋብኝ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለኝ።

«ባንድ ነው የሞተው። ለቅሶ ልደርስ መጣሁ።»

ሳቅ አለና አስገባኝ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስናገር ዓይኑ አፌ ላይ እንደሆነ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። ምናልባት ከዚያ በፊትም እንደዚያው ነበር፤ የሰው ስሕተት ስለቅም የኖርኩት እኔ የወንድሜን ዓይን አላየሁም።

«ዋሽንቱ ከጠፋኝ ዓመት አልፎታል» አለኝ። «ባሱ ይሰማኛል፣ ከበሮው ይሰማኛል። ዋሽንቱን ከራሴ እሞላበታለሁ።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ሙላበታ! ዘፈኑን ታውቀው የለ!»

«ስለ ዘፈኑ አይደለም እኮ።» እጁን እጁ ላይ አደረገ። «ያንቺም ድምፅ ቀጭን ነው። ኬክ ቤቱ ውስጥ ሰው ሲበዛ አንዱም አይደርሰኝም። ስትከራከሪኝ የምመልስልሽ በቃሌ ነበር። ያው የምትይው አንድ ነገር ነው፤ አፍሽ ሲቆም ተራዬ ነው ብዬ እገባለሁ።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ። ደስ ይለኝም ነበር። ግን ባለፈው ስልክሽን ሳይ ደነገጥኩ። አንድ ቀን ሌላ ነገር ብትነግሪኝስ? ታምሜያለሁ ብትይኝ፣ እኔ ስለ ኦርጋን ልመልስልሽ ነው?»

አለቀስኩ። ለወጉ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁት እንጂ መደበቁን አልፈለግሁትም ነበር። እኔ ለዋሽንት ብሎ የተወኝ አድርጌው ነበር፤ እሱ የፈራው ግን የምር ነገር ስነግረው ሳይሰማኝ እንዳያልፍ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚፈራልኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ተነስቼ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ አፌን ማየት ከማይችልበት ጎን። ባሱ ይሰማኛል ብሎ የለ? ድምፄን እስከ ደረቴ አወረድኩት፤ እንደ ወንድ ጎረነነ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንተ ባንድ ይበልጣል።»

ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶት አያውቅም። በቃሉ ሊያውቀው አይችልም።

«ምን አልሽ?»

«ያንተ ባንድ ይበልጣል አልኩ!»

እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ። «እ?»

«ባለ ዋሽንቱ ይበልጣል! ድምፅ ቢሰነጠቅም አለመበተን ነው የሚሻለው!» ጎረቤት ሳይሰማኝ አልቀረም።

«አልሰማሁም። ድገሚው እስቲ።»

ያኔ ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁት። ከንፈሩን ነክሶ ይዞታል፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ይስቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቶኛል። እኔም እንዳልገባው ሰው ሆኜ፣ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ ደገምኩለት።