ጡረታ የወጣው ፍሪጅ ጠጋኝ ቅናት

ዌንደል ፕራት መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ። ቀጥሎ ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቀና ተንበርክኮ ከኋላ ባሉት ጥቁር ቱቦዎች ላይ የተጋገረውን አቧራና የዶሮ ላባ በቀለም ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረገ። የበሩን ጎማ በሳሙና አጠበ። በተጨማደደው ጥግ ላይ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይዞ ጎማው እስኪለሰልስ ጠበቀና በአውራ ጣቱ እየገፋ ወደ ቦታው መለሰው። በመጨረሻ ቁራጭ ጋዜጣ በበሩ መሃል አድርጎ ዘጋና ሳበው። ወረቀቱ አልወጣም።

«አሁን ይይዛል» አለ።

«ስንት ነው?» አሉ የፍሪጁ ባለቤት፣ የሰማንያ ዓመቷ ዶኛ ኒካኖራ፤ «ዶኛ» እዚህ «እሜቴ» እንደማለት ነው።

«ምንም። የመኖሪያ ወረቀቴ አይፈቅድም።»

እውነቱን ነው። ዌንደል አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አርባ ዓመት ፍሪጅ ሲጠግን ኖሮ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ከሚስቱ ከዶሪን ጋር እዚህ ቤሊዝ፣ ኮሮዛል ከተማ መጣ። ይህችን የማዕከላዊ አሜሪካ አገር የመረጡት ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነና ጡረታቸው እዚህ ስለሚበረክት ነው። በጡረተኛ ወረቀት የሚኖር የውጭ ሰው ግን እዚህ ሠርቶ ገንዘብ አይቀበልም። ጡረታው ይመጣለታል፣ እሱን ይበላል፣ በቃ።

ዶኛ ኒካኖራ የሰው ጉልበት በነፃ የሚበሉ ሴት አይደሉም። በማግሥቱ ታማሌ የሚባለውን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ በሳህን ሞልተው ላኩ። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዌንደል አምስት ፍሪጅና የዳቦ ቤቱን ትልቅ ማቀዝቀዣ አየ፤ ዶሪን የሰው ሳህን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ዌንደል ሳህኑን እንደ ምስጋና ብቻ ቆጠረው። በኛ ሰፈር ግን ሳህን የሂሳቡ ግማሽ ነው፤ ላለፉት ሃያ ዓመታት ደግሞ ያ ሳህን የሚሄደው ወደ ሰፈሩ ፍሪጅ ጠጋኝ፣ ወደ አንሴልሞ ቤት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንሴልሞ መጣ። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደገፈ እንጂ አልገባም።

«ሚስተር ዌንደል፣ ጡረታዎ በየወሩ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«የኔ ጡረታ የእነዚህ ሰዎች ፍሪጅ ነው። ሚስቴ ትላንት ‹የዶኛ ኒካኖራ ታማሌ መንገድ ሳተ እንዴ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ዌንደል ፊቱ ቀላ። «አንድም ሳንቲም አልወሰድኩም እኮ።»

«ቢወስዱ ይሻል ነበር። በዋጋ ከሆነ እወዳደራለሁ። ከነፃ ጋር ማን ይወዳደራል? ወረቀትዎን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄጄ አልከስዎትም። ግን ይተዉልኝ።»

ዶሪን በመስኮት ብቅ አለች። «ዶን አንሴልሞ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቀዝቃዛ ጭማቂ አለ።»

«አመሰግናለሁ እመቤት። ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ።»

ዌንደል ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወ። የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ የነገረኝ፣ እኔ የሰፈሩ በያጅ የበረንዳውን ብረት ልበይድለት የሄድኩ ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት አንሴልሞ የመሣሪያ ቦርሳውን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ሲወጣ፣ ማዕዘኑ ጋ ሳይደርስ ከሦስት አራት ቤት ስሙ ይጠራል። «አንሴልሞ፣ ስትመለስ ግባ!» «አንሴልሞ፣ ውሃ እያፈሰሰ ነው!» ዌንደልን የሚሉት «ሰላም ሚስተር ዌንደል» ነው፤ ያልፋሉ።

«እሱ ይፈለጋል፣ እኔ ሰላም እባላለሁ» አለኝ። ዶሪን ሰምታ ሳቀች። «ሰው ቁጭ ብሎ ለመብላት ባሕር ይሻገራል፤ ያንቺ ባል በሰው ካቻቪቴ ይቀናል።» ይህን ያለችው ለኔ ሳይሆን ለራሷ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዶኛ ኒካኖራ ፍሪጅ እንደገና ተበላሸ። ቤታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ዌንደል በረንዳው ላይ ሆኖ ሰማው፤ ሞተሩ እርር ይልና ቀጭ ብሎ ይጠፋል። በሽታው የሞተሩ ማስነሻ መሆኑን ወዲያው ዐወቀ። አንሴልሞ ሲገባም አየ። የመሣሪያ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዌንደል አላስቻለውም። ሳህን አንሥቶ ተሻገረ።

«ዶኛ፣ ሎሚ ይኖርዎታል?»

«ዛፍህ ላይ ተንጠልጥሎ የለም እንዴ?» አሉ።

አንሴልሞ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጥቁሯን ማስነሻ ጆሮው ሥር እየነቀነቀ ነበር። ውስጧ ይንኳኳል።

«ተቃጥላለች» አለ ቀና ሳይል። «ገና ከመንገድ ሰማኋት። እርስዎስ?»

«እኔም ሰማሁ።»

«ሎሚ ፍለጋ ነው የመጡት ታዲያ።»

ዌንደል ባዶ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። «እንዲሳሳት ነበር የምመኘው» አለኝ። «ቢሳሳት ገብቼ አሳየው ነበር። ሰውዬው ዐዋቂ ነው። ይሄ ደግሞ ይብስ ያቃጥላል።»

ቅናቱ አልለቀቀውም፤ ለቆታል ብዬም አልዋሽም። ፍሪጅ ያለን ሁላችን ግን እንድንሰማው የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። እንዳለው አስቀምጬዋለሁ፦

«ሲበላሽባችሁ አንሴልሞን ጥሩ። ሳህኑንም ለእሱ ላኩ። እሱ ሲሠራ ግን እባካችሁ የመንገዱን በር አትዝጉት፤ ከውጭም ቢሆን ልስማው።»