የሀኒፋ መድኃኒት

እናቴ ሀኒፋ ላፍቶ ገበያ ሃያ ዓመት ቅቤ ሸጣለች። ቀኝ ጎኗን በወጋት ቁጥር «ጨጓራዬ ነው» ትልና ለጋ ቅቤ አቅልጣ ትጠጣ ነበር። ሲብስባት ትጨምራለች፤ ማን ደፍሮ ይናገራት! በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስንወስዳት ግን ሐኪሙ የሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር አገኘ፤ ሕመሙን የሚቀሰቅሰውም ቅባት ነው አላት። ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ወጣ።

አሁን ቤቷ ገብታ መስኮቱ ሥር ጋደም ብላ ሸለብ ነቃ ስትል፣ ውሃ ላይ እንዳለ ቅቤ የተንሳፈፈች ይመስላታል። ከመንገድ የሚመጣው የታክሲ ጥሩምባ ከሌላ አገር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማታል።

ትናንት ጎረቤታችን ተናኘወርቅ ቀኝ ጎኗን ይዛ ልትጠይቃት መጣች።

«ሀኒፋዬ፣ ያ ጨጓራዬ ተነሳብኝ። እንዳልሽኝ ቅቤውን ስጠጣ ከርሜ አለቀብኝ፤ ትንሽ ጨምሪልኝ።»

እናቴ ብንን አለች። አጠገቧ ሦስት ባልዲ ሙሉ ቅቤ ተደርድሯል።

«ቅቤ የለኝም» አለችና ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»