እንዳይድን የተጠበቀው ቁስል

የሐዋን እጅ ያላየ ሹሩባ አየሁ አይበል። ዓርብ ከሰዓት ሻርጃ፣ ሮላ፣ እኔ የተከራየሁት ቤድ ስፔስ፣ አልጋ በአልጋ የሚከራይ የጋራ ክፍል፣ ትመጣለች፤ ሀበሻ ሴት ሁሉ ወረፋ ይዞ ይጠብቃታል። የራሷን ጸጉር ግን የማንንም እጅ አታስነካም። «እናንተ እኮ ገመድ ነው የምትገምዱት» ትለናለች። አንድ ቀን ደሴ ተመልሳ ሹሩባ ቤት መክፈት ነበር ሐሳቧ ሁሉ።

በ1990 ዓ.ም. ረመዳን፣ ዐጅማን በምትሠራበት ቤት ለሳምቡሳ ሥጋ ትፈጫለች። ማዳም «ያላ፣ ያላ» እያለች ስታጣድፋት መፍጫው የቀኝ እጇን ሌባ ጣትና መሀል ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ወሰደባት።

ቁስሉ ሊሽር ሲል የማዳም ልጅ ዩሱፍ፣ ውጭ አገር ሕክምና የሚማር፣ ለዕረፍት የመጣ ደግ ልጅ፣ ላጽናናት ብሎ አንድ ወሬ ነገራት። እንሽላሊት ጅራቷ ሲቆረጥ ቁስሏ ጠባሳ ስለማያወጣ መልሳ ታበቅላለች፤ የሰውን ግን ጠባሳ ይደፍነዋል። ሊቃውንቱ ዘረመል የሚሉትን፣ ከወላጅ የሚወረሰውን ነገር፣ ለውጠው ሰውም የተቆረጠ አካሉን እንዲያበቅል ማድረግ ይቻል እንደሆነ እየመረመሩ ነው አላት። እኔ ደግ ሰው ወሬ ሲያበዛ እፈራለሁ።

ሐዋ ከዚያ ሁሉ «ጠባሳ ይደፍነዋል» የምትለዋን ይዛ ቀረች። መድኃኒቱ እስኪመጣ በሩ እንዳይዘጋ ብላ፣ ቁስሉ ቅርፊት በያዘ ቁጥር በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ትፍቀው ጀመር። ሮላ መጥታ ፋሻውን ስትፈታልኝ ሽታው አቅለሸለሸኝ።

«አብደሻል እንዴ? ክንድሽን ሊቆርጡት ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«ቡሽራ፣ ከዳነ እኮ አለቀልኝ» አለች። ትኩሳት ያንቀጠቅጣታል። «ትንሽ ብታገስ ነው። ዋላሂ፣ ዩሱፍ አይዋሽም።»

አልዋሸም፤ አልጨረሰላትም እንጂ። በማግስቱ ዩሱፍ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደም የነካው ሽቦ አግኝቶ ጠየቃት። ስትነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ሐዋ፣ ይህ ነገር ቢሳካ እንኳ ገና ላልተፀነሱ ልጆች ነው። ለአንቺም ለእኔም አይደርስም» አላት።

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገርከኝ?»

የመኪናውን ቁልፍ አነሣና ሐኪም ቤት ወሰዳት።

መፋቁን ተወች። ያን ሁሉ እንዳይገጥም ስትለምነው የከረመችው ቁስል እንዳልተሠቃየ ሆኖ ገጠመ፤ ገላ ይሉኝታ የለውም። ዓርብ ሴቶቹ ሊጠይቋት እኔ ዘንድ ተሰበሰቡ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ማረሽ» እያሉ የደረቀውን ጠባሳ አገላብጠው አዩ። እኔም እንደነሱ አልኩ። ሐዋ «አሚን» አለች፤ ድምፅዋ ግን የለቀስተኛ ነበር።

ሁሉም ሲሄዱ ሻሿን ፈታችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማበጠሪያውን በግራ እጇ አቀበለችኝ።

«ገመድም ቢሆን ሥሪኝ» አለችኝ።