የበግ ቆዳ የለበሰችው ሞተር

የገና ማግስት ጠዋት፣ ከኮንዶሚኒየማችን በር አጠገብ ከተጣሉት የበግ ቆዳዎች የሚነሳው ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫውን አስይዞ ያስሮጠዋል፤ እኔን ግን ባለሁበት አቆመኝ። ድሮ ይሄ ቆዳ መች መሬት ይነካ ነበር? በጉ ተገፎ ሳያልቅ "ቆዳ ያለው! ቆዳ ያለው!" የሚሉት ገዢዎች ጌጃ ሰፈርን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሱት ነበር፤ ዛሬ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፍቶ የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። አንዱን በእግሬ ገልበጥ አድርጌ ፀጉሩን አየሁት፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ እጅ ቢገባበት የሚሞቅ። ዘበኛችን "እትዬ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?" ሲለኝ አፍሬ ገባሁ እንጂ፣ እዚያ ቆሜ የታየኝ የአባቴ ሞተር ነበረች።

አባዬ ወተት አመላላሽ ነበር። ጌጃ ሰፈር ካለችው ጭቃ ቤታችን ሰማዩ ሳይገላለጥ ተነስቶ፣ እንጦጦን አቋርጦ ሱሉልታ ይወርድና፣ በሞተሯ ግራና ቀኝ በታሰሩት ትልልቅ ጣሳዎች ወተቱን ሞልቶ ለየሻይ ቤቱና ለየጎረቤቱ ያደርሳል። የዚያ ሥራ ክፋቱ፣ ጾሙ ተፈትቶ ወተት ፈላጊው የሚበዛው ብርዱ በሚጠናበት ሰሞን መሆኑ ነው። የሱሉልታን ውርጭ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል ይለን ነበር፤ እኔ ልጅ ነኝና ወተት የተደፋበት ይመስለኝ ነበር። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እጁ ላይ ካልሲ ያጠልቃል፣ በላዩ ፌስታል ይደርባል፣ እጅጌው ውስጥ ጋዜጣ ይጠቀጥቃል፤ ቤት ሲደርስ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ እጁን እንደ ምድጃ ከጋለው የሞተሯ ሆድ ላይ ያሞቃል። እኔም ምንም ሳይበርደኝ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ እጄን እዘረጋለሁ።

አንድ ዓመት ገና ሊገባ ሲል ከሰዓቱ ዘግይቶ መጣ። በሩ ላይ ሲቆም ከአንገቱ እስከ ጫማው ወተት በወተት ሆኗል። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች፤ "ምነው፣ ላሟ ላይ ወደቅህ እንዴ?" አለችው። እሱ አልሳቀም። ከእንጦጦ ሲወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ልያዝ ቢል ጣቶቹ እምቢ አሉት፤ ቆፈን ይዟቸው የሱ መሆናቸውን ረስተዋል፤ ሞተሯን ቦይ ውስጥ ከትቶ ነው የተረፈው። እማዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታዘረጋቸው ከጀርባዋ ሆኜ አያለሁ፤ ያ ሳቋ የት እንደገባ እንጃ።

"ነገ አትሂድ" አላለችውም። ማለትስ መች ትችላለች? የምንበላው ከዚያች ሞተር ነው። ብቻ የገና ዕለት ቆዳ ገዢው መጥቶ ሲጮህ፣ በየዓመቱ ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው እናቴ በሩን ዘጋችበት። ቆዳውን ጨው ነስንሳ ወጠረችው፤ ሲደርቅ እያሸች፣ እየረገጠች ስታለፋው ሰነበተች፤ ቤቱ ሁሉ በግ በግ ሸተተ፤ አባዬም "ኧረ ከዚህስ ብርዱ ይሻለኛል" እያለ ያሾፍባታል። ከዚያ በወስፌና በሲባጎ፣ ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርጋ ሁለት ከረጢት ሰፋችና ከመሪው ግራና ቀኝ አሰረቻቸው። እጁን በከረጢቱ አፍ ያስገባና ፍሬኑንም ፍሪሲዮኑንም እዚያው ሙቀት ውስጥ በባዶ እጁ ያገኘዋል። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ጭንቀት ይሆናል።

ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ከከረጢቶቹ አፍ ፀጉሩ ተንጨፍርሮ ስለሚታይ፣ የሰፈሩ ተሸካሚዎች "ጋሼ፣ በጉ ስንት ነው?" ይሉታል። እሱም "ተሸጧል! ባለቤቱ ቤት ናት!" እያለ ያልፋል። የጌጃ ሰፈር ውሻ ሁሉ ሽታውን ተከትሎ ስለሚጮህበት፣ አባዬ መምጣቱን የምናውቀው ከሞተሯ ድምፅ በፊት በውሾቹ ነበር። ያን ጩኸት ስትሰማ የእማዬ ትከሻ እንዴት እርግፍ እንደሚል ትዝ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አባዬ እርጅና እስኪያስቀምጠው ሠራባት፤ ጣቶቹም ዳግመኛ እምቢ አላሉትም።

አሁን ሞተር የምትነዳው ልጄ ሳሮን ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታጣ ዴሊቨሪ ገባች፤ ከሜክሲኮ ተነስታ ምግብ ስታደርስ ከተማውን ስታካልል ትውላለች። ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ሆና ለጓደኛዋ በስልክ፣ "ጠዋት እጄ ደንዝዞ ፍሬኑ አልጨበጥ ሲለኝ በእግሬ ነው ያቆምኳት" እያለች ስትስቅ ሰማኋት። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ነጠላዬን ደርቤ ገበያ ወጣሁ።

ወፍራም ጓንት ገዛሁላት። በማግስቱ ሳየው የጣቶቹን ጫፍ በመቀስ ቆርጣዋለች። "እማ፣ ስልኩ ጓንት አያውቅም እኮ! ኦርደር ሲመጣ ቶሎ ካልነካሁት ለሌላ ይሰጠዋል።" የአያቷን ከረጢት ነገርኳት። "ኧረ በናትሽ እማ፣ በግ ታቅፌ ቦሌ ልግባ? እጄን እስካወጣ ደግሞ ኦርደሩ ያልፈኛል።" ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ከስልክ ጋር ምን ብዬ ልከራከር? እናቴ የተጣላችው ከብርድ ጋር ነበር፤ ብርድ ቆዳ ሲያይ ይሸሻል። መንገዱንም ታውቀዋለች፤ አባዬ ሱሉልታ ሄዶ ይመለሳል። የኔ ልጅ ግን ወዴት እንደምትሄድ፣ ስልኩ እስኪነግራት ድረስ እሷም አታውቅም። ቢጨንቀኝ እንኳ ወዴት ዞሬ እንደምጨነቅ አላውቅም።

በቀደም ጠዋት ቁርስ ልትቀምስ ብቅ አለች። የጣቶቿ ጫፍ በረዶ ነው። ሁለቱንም እጆቿን ሳብ አድርጌ ብብቴ ሥር ከተትኳቸው። "እማ ደግሞ!" አለች፤ ግን አልነጠቀችኝም፤ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ቀስ እያለ ደም ሲመለስባቸው ይሰማኛል። ሕፃን ሆና እንኳ እንዲህ ተረጋግታ እቅፌ ውስጥ የቆየች አይመስለኝም።

ስልኩ ጮኸ። ቀኝ እጇን አወጣችና በሞቀው ጣቷ ነካችው፤ ወዲያው ተቀበለላት። "ሄድኩ እማ" አለች። ደረጃውን እየዘለለች ስትወርድ ሰማሁ፤ ከዚያ ሞተሯ ተነሳች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ እጆቿ የነበሩበት ቦታ ገና አልሞቀም ነበር።